ንፋስ አይምታው

«የዛሬውን ሸክላ ትተኩስልሽና ነገ መንገዷን ትያዝ» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው። የእሳቸው ዝቅ ያለ ድምፅ የሌላው ሰው ጩኸት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን በየንግሡ እልል ሲሉ የኖሩ ሴት፣ ጉሮሯቸው ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም። ባንችይርጋ ከግቢው ጥግ፣ ከአሮጌው ክብ የድንጋይ ቤት ደጃፍ ላይ ኩበት እየለየች ነበር። እጇ ባለበት ቆመ። «አንቺ የምትታመሚው ያቺ ሴትዮ እሳት ባነደደች ቀን ነው። ራስሽን ያዞርሻል፣ ያስመልስሻል፣ ራት አትቀምሺም። እኔ ዓይን የለኝም እንዴ? ዓይኗ ነው ልጄ! የሸክላ ሠሪ ነገር ለላስታ ሰው ይነገራል? ለቀባሪው አረዱት!» ባንችይርጋ ጠበቀች። የጠበቀችው የአሮጊቷን ነገር አይደለም፤ እሱንማ ለምዳዋለች። የጠበቀችው የምራታቸውን የኤልሳቤጥን መልስ ነው። ኤልሳቤጥ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ከዚያ «እሺ እማማ» አለች።

ኤልሳቤጥ የባንችይርጋ እህት ናት። እንዲያው ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ የአንድ እናት ልጆች፣ አንድ ጡት የጠቡ። ብልባላ ላይ እናታቸው የሸክላ ጭቃ ስትረግጥ ትንሿን ያዘለቻት ባንችይርጋ ነበረች፤ ጀርባዋ ላይ ጥርስ ያበቀለች ልጅ ናት። እናታቸው ስትሞት የክርስትና እናቷ ከኮን መጥታ «ይህችን እንኳ ላውጣት» ብላ ወሰደቻት። ማውጣት ያለችው ከጭቃው ነው፣ ከስሙም ነው። ኮን ላይ ተማረች፣ አማረባት፣ ሰይፈ ሥላሴ የሚባል የላሊበላ የመሪጌታ ልጅ አገባት። ዘመዶችሽ እነማን ናቸው ስትባል የክርስትና እናቷን ወገን ቆጠረች፣ ማንም አልመረመራትም። ባሏ ኋላ ነግራው ያውቃል፤ ግን እናቱን ይፈራል። ባንችይርጋ ባሏ ሞቶባት ከብልባላ በእግሯ የመጣች ዕለት ኤልሳቤጥ ከበሩ ጀርባ አንቃ ሳመቻት፣ አለቀሰች፤ እንባዋን ጠርጋ ከወጣች በኋላ ደግሞ ለአማቷ «ሸክላ የምትሠራልኝ ሴት አገኘሁ» አለቻቸው። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ባንችይርጋ የሽሮ ድስት ትሠራለች፣ ኤልሳቤጥ ለሆቴሎቹ ታስረክባለች። ወይዘሮ ጽጌማርያምም ቢሆኑ ሽሯቸው ከባንችይርጋ ድስት ሌላ አይጥማቸውም። ድስቱን ይወዱታል፤ የማይወዱት ሠሪዋን ነው። የእሷ ውሃ መጠጫ ከሁሉ ተለይቶ፣ ከክቡ ቤት በር አጠገብ ምስማር ላይ የሚንጠለጠል ጣሳ ነው።

ስለዚህ «እሺ እማማ» የሚለውን በሰማች ጊዜ አልተናደደችም። ኩበቱን መለየት ቀጠለች፤ ደረቁን ወዲህ፣ እርጥቡን ወዲያ። የቅዳሜ ገበያ ቀን ነው፣ ከሰፈሩ ቤት ሁሉ የጠዋት ጭስ ይወጣል፤ እሷም ማንደድ የሚፈቀድላት በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። ብልባላ ቢሆን ሸክላ የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ ለንፋስ መከለያ ድንጋይ ተክቦለት ነው። እዚህ ግን ወይዘሮ ጽጌማርያም ገና በመጀመሪያው ቀን «የመሪጌታ ግቢ ሸክላ ሲተኮስበት ሊታይ ነው? ቤት ውስጥ ይሁን፣ በሩም ይዘጋ!» ብለው ቆርጠዋል። ከዚያ ወዲህ እሳቱ ክቡ ቤት ውስጥ ሆነ። ድስቶቹን በገለባ አሙቃ፣ ወለሉ ላይ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ከንፈር ለከንፈር አጋጥማ ደረደረች፣ ኩበቱን ከላይ ከታች አለበሰች፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ወሸቀችበትና ለኮሰች። ጭሱ በበሩም በመስኮቱም እየተግተለተለ ወጣ። ዓይኗ አነባ። የምታለቅስ ሴት ጭስ ዘመዷ ነው፣ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም።

ኤልሳቤጥ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ገበያ ስትወጣ በደጃፉ አለፈች። «ባንቺ፣ ዛሬ ጠንቀቅ በዪ፤ ሆቴሉ የተሰነጠቀ አይቀበልም» አለቻት፣ በግቢ በሚነገረው ድምፅ። «እሺ እመቤቴ» አለች ባንችይርጋ፣ እሷም በግቢው ድምፅ። ሁለቱም አልተያዩም። ቀትር ላይ ስትመለስ ወይዘሮ ጽጌማርያም በዘንቢሉ ላይ ጎንበስ ብለው ሽንኩርቱን በስንት ገዛሽው፣ በርበሬውስ፣ እንዴ ዛላው እንዲህ ከስቶ፣ ድሮ ቱሪስት ሲጎርፍ እንኳ እንዲህ አልተወደደም እያሉ ሲያማርሩ ቆዩ። ኤልሳቤጥ ዋጋውን እየቀነሰች ትነግራቸዋለች፤ እውነቱን ብትነግራቸው ራሳቸውን ይዘው ነው የሚጮኹት። ስለ ሴትዮዋ መሄድ የተነሳ ነገር የለም። የተወሰነ ነገር ምን ይነሳል?

እዚያ ክቡ ቤት ውስጥ ነበልባሉ ወድቆ ነበር። ጭሱ ጠርቷል፤ ኩበቱ አመድ ለብሶ፣ ከሥሩ ፍሙ ብቻ ቀልቶ ይታያል። በሩ የሚዘጋው አሁን ነው። እናታቸው ትል ነበር፦ «በእሳት ላይ ያለ ሸክላ አራስ ነው፤ ንፋስ አይምታው»። ስለዚህ ባንችይርጋ መስኮቱን በጆንያ ደፈነች። ጭሱ ካለቀ ምን ቀረ? ዓይን አይቆጠቁጥ፣ አያስል፣ አይሸት። ደግሞ የልቧ ከተነገረ፣ የበሩ መዘጋት ለሸክላው ብቻ አልነበረም። በሩ ሲዘጋ ኤልሳቤጥ «ሸክላውን ልየው» ብላ ትመጣለች፣ ከውስጥ ትቀረቅራለች፣ ከፍሙ አጠገብ ትቀመጥና «እታለም» ትላታለች። ከዓለም ሁሉ «እታለም» ብላ የምትጠራት አንዲት ሰው ናት፣ የምትጠራትም በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። ባንችይርጋ ጭቃ የምትረግጠው፣ ድስቱን በጠጠር ስታለሰልስ የምትውለው፣ ኩበት ስትለቅም የምትሰነብተው ለዚያች ሰዓት ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። ሲለያዩ ሁለቱንም ራሳቸውን ይወቅራቸዋል፣ ትንሿን ያቅለሸልሻታል። «ምች ነው» ይሉና ዳማከሴ ያሻሉ። የአንድ እናት ልጅ የመሆን ናፍቆትም ራስ ያሳምማል ብላ ነበር ባንችይርጋ በሆዷ።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ነው። እንግዲህ ሰው ለመጨረሻ ቀን ምን ያደርጋል? ባንችይርጋ አሮጌ ነጠላዋን ቀደደችና የበሩን ሥር፣ የበሩን ዳር፣ ቀዳዳውን ሁሉ እየጠቀጠቀች ደፈነችው። ንፋሱን ፈርታ አልነበረም። ኤልሳቤጥ ሁልጊዜ «እታለም» የምትለው በሹክሹክታ ነው፤ ዛሬ ድምፅ የማይወጣበት ቤት ከሆነ ጮክ ብላ ትለኝ ይሆናል ብላ ነው። ይህችን ነገር ኋላ ለማንም አልተናገረቻትም።

ኤልሳቤጥ ገብታ ስትቀረቅር ባንችይርጋ ከኋላዋ የመጨረሻዋን ጨርቅ ወሸቀች። ተቀመጡ። ኤልሳቤጥ እንደ ልማዷ ወደ ፍሙ ተጠጋች፤ ከልጅነቷ ብርድ አትችልም። ከጉያዋ ትኩስ ዳቦና የተቀቀለ ባቄላ አወጣች፣ ለሁለት ቆረሰችው፣ ትልቁን ለባንችይርጋ ሰጠቻት። ባንችይርጋ ትንሹን ነጥቃ ወሰደች። ሳቁ። ከዚያ ባቄላውን ያኝኩ ጀመር።

«እታለም» አለች ኤልሳቤጥ፤ ጮክ ብላ ነበር። «ጠዋት ሰማሽ አይደል?»

«ምኑን?»

«ተይ እንጂ። እማማ ሲናገሩ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ይሰማል።»

«ሰማሁ። ምን ይደረግ፣ ቤታቸው ነው።»

«እነግራቸዋለሁ። ሰይፈ ከአገልግሎቱ ይመለስና እነግራቸዋለሁ። አንቺ የትም አትሄጂም።»

«አምና ለፋሲካም እንዲሁ ብለሽ ነበር፣ እንቡጤ» አለች ባንችይርጋ። ልታስቀይማት አልነበረም፤ ከአፏ አመለጠ። ኤልሳቤጥ አንገቷን ደፋች። ከዚያ እንደ ልጅነቷ ጭኗ ላይ ተጋደመችና ማልቀስ ጀመረች፤ ባንችይርጋ በጭቃ በተሰነጣጠቀ እጇ ፀጉሯን እየዳበሰች እናታቸው ጭቃ ሲረገጥ የምትለውን እንጉርጉሮ አንጎራጎረችላት። ልቅሶው ጋብ አለ። ልጅቱን እንቅልፍ ወሰዳት። ትተኛ፣ አለች ባንችይርጋ፣ ጭኔ ላይ ተኝታ ስንት ዘመኗ! የራሷም ራስ ይወቅራታል፣ ጆሮዋ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ሐዘኑ ነው ብላ አሰበች። ደስ የሚል ስንፈት በጉልበቷ ላይ ወረደ፤ እንዲሁ እንደ ተቀመጡ ቢመሽ፣ እንዲሁ ቢነጋ፣ ነገ የሚባል ባይኖር ምን ነበረበት?

«አንቺ ሴትዮ! አንቺ! እንጨት አምጪ እንጂ!» ወይዘሮ ጽጌማርያም ከውጭ ተጣሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና «አንቺ» ሲሉ ነበር ብድግ የምትለው። አሁን ብድግ ልትል ብላ ጉልበቷ እምቢ አላት። እግሯ የሌላ ሰው እግር ሆነባት። ደነገጠች። «እንቡጤ፣ ተነሽ፣ እየጠሩ ነው» ብላ ወዘወዘቻት። ኤልሳቤጥ አልተነሳችም። ትከሻዋን ያዘቻት፣ አንገቷ ወደ ኋላ ዘመመ፤ ከአፏ ዳር ያስመለሰችው ባቄላ ወርዷል። ስሟን ጠራች፣ ጉንጯን መታች፣ የለችም።

ባንችይርጋ ስለ አየርም ሆነ ስለ መርዝ የተማረችው የለም። ያወቀችው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቤት እየገደለን ነው። እንዴት እንደ ዳኸች አታስታውስም፤ ጨርቁን በጥርስም በጥፍርም ነቅላ፣ መቀርቀሪያውን ጥላ፣ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። የላስታ ንፋስ እንደ ጠገበ በቅሎ ዘሎ ገባ። ከኋላዋ ፍሙ ጋለ፣ ከዚያ አንዱ ድስት ጧ! አለ፣ ሌላው ተከተለ። ዞራ አላየችም። ተመልሳ ገብታ ልጅቱን በብብቷ ይዛ እየጎተተች፣ እየወደቀች፣ እየተነሳች ሜዳው ላይ አወጣቻትና ጮኸች። በዚያ ሁሉ ጭንቅ እንኳ አፏን ጠበቀች፤ «እህቴን» አላለችም። «እመቤቴን! እመቤቴን አድኑልኝ! የሰው ያለህ!» ነው ያለችው።

ሰው ለልቅሶና ለጩኸት መች ሰንፎ ያውቃል፣ አጥሩን ጥሶ ገባ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ሮጠው መጡና ምራታቸውን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ። «በላቻት! አላልኩም? በላቻት! ነገ እንደምትባረር ሰምታ ጨረሰቻት!» ከዚያ ባንችይርጋን በትከሻዋ ይዘው አንበረከኳት። «ትፊባት! ልቀቂያት! ትፊባት አልኩሽ!» የተሰበሰበው ሁሉ «ትትፋባት፣ ትትፋባት» አለ። እዚያ አገር ትፊባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የበላ ነው ተፍቶ የሚለቅ። የተፋች ሴት «አዎ እኔ ነኝ» አለች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብልባላም ቢሆን ማን ውሃ ይቀዳላታል? ባንችይርጋ የእህቷን ፊት አየች። ከንፈሯ ደርቋል። ምናልባት እውነት ቢሆንስ? ምናልባት አብዝቼ ናፍቄያት ቢሆንስ? አለች በልቧ፤ እንዲህ አድርጎ ነው ሰው ሰውን የሚያሳብደው። ምራቋም አልነበረም፣ አፏ አመድ ሆኗል። ከሆዷ ስባ እንደ ምንም አገኘችና፣ እነሆ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተፋች። ልጅቱ ትትረፍ እንጂ ስሙ ገደል ይግባ።

«ዞር በሉ! አየር ስጧት፣ አትክበቧት!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ። ያሲር ነው፤ ከጎረቤት ግቢ ተከራይቶ የሚኖር የጤና ጣቢያ ነርስ፣ አዳሩን ሠርቶ ተኝቶ ነበርና ጩኸቱ ነው የቀሰቀሰው። በጎኗ አስተኛት፣ አፏን በጣቱ ጠረገ፣ ትንፋሿን አዳመጠ። ቀና ብሎ የተከፈተውን በር፣ ፍሙን፣ መስኮቱ ላይ የተወሸቀውን ጆንያ አየ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! እዚህ ውስጥ ነው በር ዘግታችሁ የተቀመጣችሁት?»

«ጭሱ እኮ አልቆ ነበር» አለች ባንችይርጋ።

«እትዬ፣ የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ጭስማ ያስነጥሳል፣ ያባርራል። ከፍሙ የሚወጣ ሌላ አየር አለ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይቆርጣል፣ ከዚያ ያስተኛል። ያ እንቅልፍ አይነቃም። ባለፈው ክረምት ከሰል ይዘው የተኙ ባልና ሚስት በእጄ ነው የገነዝኳቸው።»

«ምን ያወራል ይሄ ልጅ፣ ዓይኗ ነው!» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም። «እሳት ባነደደች ቁጥር ነው የምትታመም!»

«እሱን ነው የምለው እማማ፣ እሳት በተነደደ ቁጥር። ደግሞ እሷን ይዩዋት እስቲ።» ባንችይርጋ በዚያው በተንበረከከችበት ጎንበስ ብላ ታስመልስ ነበር። «ቡዳ ራሱን ይበላል እንዴ? አልሰማሁም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ወዲያው አፉን ያዘ። ኤልሳቤጥ አቃሰተች። ዓይኗ ተከፈተ፤ ሰማዩን አየች፣ የተኮለኮለውን ሰው አየች፣ አንዱንም የለየች አትመስልም። እጇ መሬቱን መፈለግ ጀመረች። «እታለም» አለች። «እታለም የት ነሽ?»

ባንችይርጋ ልትመልስ ፈራች፤ ልጅቱ ራሷን አታውቅም፣ ኋላ ትጸጸታለች ብላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ወይዘሮ ጽጌማርያም «ማንን ነው የምትጣራው?» አሉ። እንግዲህ አየሩ ይሁን እግዜሩ እንጃ፣ ኤልሳቤጥ ፊቷን አዙራ አማቷን ትክ ብላ አየች፤ አሁን ነቅታለች። «እህቴን ነው እማማ» አለች። «ባንችይርጋ እህቴ ናት። የእናቴ ልጅ። ያዘለችኝ እሷ ናት።»

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ገቡና በራቸውን ዘጉ። ሰውም አንድ ሁለት እያለ ተበተነ፤ የሚወራ ነገር ያገኘ ሰው አይቆይም፣ ወደሚያወራበት ይቸኩላል። ያሲር ባጃጅ ጠርቶ ሁለቱን ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ጎን ለጎን ተኙ። ሲለቃቸው ደጋግሞ ነገራቸው፦ «እሳት ሜዳ ላይ። ቤት ውስጥ የግድ ከሆነም በርም መስኮትም ክፍት፣ ፍሙ አመድ እስኪሆን ድረስ። ራሳችሁን ካመማችሁ ዳማከሴ ሳይሆን መውጣት ነው፣ ወጥታችሁ ወዲያው ወደኛ።» ባንችይርጋ እንደ ዳዊት ከሥር ከሥሩ ደገመችው።

ሲመለሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ተደጋግፈው ነው የገቡት። የክቡ ቤት በር እንደ ተከፈተ፣ ጆንያውም ከመስኮቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቆ አገኙት፤ ማን እንደ ነቀለው አልጠየቁም። ባንችይርጋ ከምስማሩ ጣሳዋን አወረደች። መሄዷ ነው፤ እንግዲህማ ጨርሶ አያስቀምጧትም፣ ትንሿንም አብረው ባያስወጧት። «የት ነው?» አለች ኤልሳቤጥ። «ሸክላው አልወጣም እኮ።»

«ምን ሸክላ አለ፣ ንፋስ ፈጅቶታል።»

«ቢሆንም ይወጣል። እማዬ ምን ትል ነበር፣ የመጀመሪያው በሁለት ሰው ነው የሚወጣ።» እንጨት አንስታ አንዱን ጫፍ ሰጠቻት፤ ባንችይርጋ ጣሳውን መሬት ላይ ጥላ ያዘችው። ፍሙ በርዶ አመድ ሆኗል። እንጨቱን በአንደኛው ድስት ጆሮዎች አሳልፈው፣ እህትማማቾቹ ግራና ቀኝ ይዘው፣ በሩን አልፈው ሜዳው ላይ ወጡ። ድስቱ ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰንጥቋል። በአጥሩ ላይ የጎረቤት ሴቶች ራስ ተደርድሮ ያያቸዋል። የወይዘሮ ጽጌማርያም በር ሲጢጥ አለ። አሮጊቷ በራቸው ደፍ ላይ ቆመው ብዙ አዩ፤ ድስቱን አዩ፣ ሁለቱን ፊት እያስተያዩ አዩ፣ አንድ ዓይነት አፍንጫ፣ አንድ ዓይነት ግንባር፤ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላዩት። ጣሳውንም መሬት ላይ ወድቆ አዩት።

«ያን በር እንዳትዘጉት» አሉ፣ በዚያ ድምፃቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው። ከዚያ ተመልሰው ገቡ። የራሳቸውንም በር ገርበብ አድርገው ተዉት።

ባንችይርጋ እጇ ዝሎ በእሷ በኩል እንጨቱ ዝቅ አለባት። ኤልሳቤጥ አልሾከሾከችም፤ አጥሩም፣ መንገዱም፣ ሰፈሩም እየሰማ «እታለም፣ ከፍ አድርጊው እንጂ!» አለቻት። ባንችይርጋ ከፍ አደረገችው።